ትንፋሽ ያጣው ጎማ

ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው «ፍሬቻ» እያለ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው በመኪና መታጠፊያ መብራት ስም ቢጠራ የሚገርም ነገር የለውም። ስሙን ያወጣችለት ሚስቱ ግን ሌላ ነገር አይታ ነው። «የኔ ባል» ትላለች፣ የስፌት መኪናዋን በእግሯ እያንቀሳቀሰች፣ «ወደ ግራ ልታጠፍ ነው ብሎ ያበራል፣ ወደ ቀኝ ልታጠፍ ነው ብሎ ያበራል፤ ሲሄድ ግን ቀጥ ብሎ ነው።» የሚያፈሰውን ጣሪያ አስጠግናለሁ ይላል፤ ይኸው አበራ። የታመመ ጥርሴን አስነቅላለሁ ይላል፤ ይኸው አበራ። ሰውየው ውሸታም አይደለም። የሚለውን ሁሉ ሲለው ከልቡ ነው። ችግሩ፣ ከአፉ የወጣ ነገር ግማሹ የተሠራ ያህል ስለሚሰማው ነው።

ከሁሉም ብዙ ዘመን ስትበራ የኖረችው አንዲት ቃል ነበረች። በተጋቡ ሰሞን፣ «አንድ ቀን ጋቢና አስቀምጬሽ የገደሉን መንገድ አሳይሻለሁ» አላት። የገደሉ መንገድ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲሚንቶ ያመላለሰበት፣ ቀይ ተራሮችን እየተጠማዘዘ ወጥቶ ገደል አፋፍ ላይ የሚሄድ መንገድ ነው። ከጉዞ በተመለሰ ቁጥር እራት ላይ የሚያወራው ስለሱ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከገደሉ ሥር ስለሚነሳው ጉም ያወራል፤ ሾፌሮች «አንገት አዙር» ስለሚሉት ጥምዝ ያወራል፤ እዚያ ቆመው ቁልቁል ሲያዩት ወንዙ እንዴት እንደ ክር እንደሚቀጥን ያወራል። ሚስቱ ከመስማቷ ብዛት መንገዱን በቃሏ ታውቀዋለች። በዐይኗ ግን አላየችውም። መጀመሪያ ኩባንያው ሰው መጫን ከለከለ፤ ቀጥሎ ልጅ ተወለደች፤ ቀጥሎ ሥራ በዛ፤ በመጨረሻ የፍሬቻ ግራ ጉልበት ፍሪሲዮን መርገጥ እምቢ አለና መሪውን አስረከበ።

ጡረታ የወጣ ሾፌር ቤት ሲውል መከራው ለቤተሰቡ ነው። ጎረቤት መኪና ሲያቆም ሮጦ ይወጣና «ና፣ ና፣ ና... በቃ!» ይላል። ጎረቤት ሲሰለቸው፣ ሚስቱ ትኩስ ድስት ይዛ ከማድ ቤት ስትወጣ ይመራት ጀመር። «ወደ ግራ ስበሪ! ኋላሽን እዪ!» ድስቱን ልትደፋበት ትንሽ ነበር የቀራት።

ይህን የሰማች፣ ራቅ ያለ ከተማ የምትሠራ ልጃቸው፣ አንዲት በሪሞት የምትነዳ የጭነት መኪና ላከችለት። ክንድ ታክላለች፤ ጋቢናዋ፣ መብራቷ፣ መወጣጫዋ ሳይቀር ልክ እንደ ትልቁ ነው። «እኔን ሕፃን አደረገችኝ» ብሎ ሣቀና ቁም ሣጥን ላይ ሰቀላት። በሳምንቱ «ባትሪዋ ተኝቶ እንዳይበላሽ» ብሎ አወረዳት። በማግስቱ ሚስቱ ክሮቿን ፈልጋ ብታጣ፣ አልጋው ሥር አገኘቻቸው፤ መኪናይቱ የክር ጥቅልሎቹን ተሸክማ በጫማዎች መካከል እየተጥመለመለች ትመጣለች። ከአልጋው ማዶ በሆዱ የተኛው ባሏ፣ «መንገድ ልቀቂ፣ ጭነት አለ!» አላት።

ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ የተጣለ አፈር የተከመረበት ኮረብታ አለ። እሁድ እሁድ እንዲህ ያሉ ትንንሽ መኪኖች ያሏቸው ሰዎች እዚያ ይሰበሰባሉ። በዚህ ጨዋታ ፍጥነት ዋጋ የለውም። መኪናይቱ እንደ ኤሊ እየዳኸች፣ በተተከሉት ትንንሽ ባንዲራዎች መካከል እያለፈች፣ እጅ ሳይነካት አናቱ ላይ መውጣት አለባት። የማኅበሩ ሰብሳቢ የጥርስ ሐኪም ናት፤ በሥራ ቀን የሰው አፍ ውስጥ ታያለች፣ በእረፍቷ የመኪና ጎማ ሥር። ፍሬቻ ሰው ገፋፍቶት አንድ እሁድ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ የቀረበት እሁድ የለም።

አንድ ቀን ሐኪሟ ሁሉንም ሰብስባ፣ «ለጉዞ ሚኒባስ ተከራይተናል» አለች። «የምንሄደው ወደ ገደሉ መንገድ ነው። እዚያ ካለው የድሮ የእግር መንገድ የተሻለ ትንንሾቹን መኪኖች መንጃ የለም። ወንበሩ ውስን ስለሆነ የሚሄደው በማጣሪያው ቀን ይህን ኮረብታ የወጣ ብቻ ነው። እያንዳንዱ አንድ ሰው ይዞ መምጣት ይችላል።»

ፍሬቻ ሪሞቱ ከእጁ ሊወድቅበት ነበር። ቤቱ እስኪደርስ ጉልበቱን ረስቶ ሄደ። ሚስቱ የሰው ካፖርት ገልብጣ ገበሩን ስትሰፋ አገኛት።

«ሴትዮ፣ የገደሉን መንገድ ልታዪ ነው! ጋቢና ነው የማስቀምጥሽ!»

ቀና እንኳ አላለችም። «ደግሞ አበራ» አለች።

«በሞቴ፣ የአሁኑ የምር ነው።»

«የድሮውም የምር ነበር እኮ። አንተ መቼ ቀልደህ ታውቃለህ?»

ይህ ነገር ከስድብ ይልቅ አነደደው። ክፋት አልነበረበትም፤ በቀስታ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች ነው ያለችው። እንዲህ በቀስታ የሚነገር ነገር ደግሞ ተስፋ ከቆረጠ ሰው አፍ ነው የሚወጣው። ያን ቀን ፍሬቻ በልቡ ማለ፤ ኮረብታውን ካልወጣ ስለ ገደሉ መንገድ ዳግመኛ አንዲት ቃል ላይተነፍስ።

ከዚያ የጎማው ነገር መጣ። መኪናይቱ ከልጁ ስትመጣ የነበራት ጎማ ለቤት ወለል የሚሆን ነበር። ፍሬቻ አዲስ ለመግዛት መደብር ገብቶ በመስተዋቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ ሰፊውን፣ የሚያብረቀርቀውን፣ ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለውን መረጠ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የድሮ መኪናውን ጎማ ይመስላል። እሁድ ኮረብታው ላይ ሲሞክረው ግን ጎማው ባለበት ዞረ፤ ዞረ፤ አቧራ አቦነነ፤ መኪናይቱም ቁልቁል ተንሸራትታ እግሩ ሥር ተመልሳ መጣች።

ሐኪሟ ጎንበስ ብላ ጎማውን አየችው። የታመመ ጥርስ የምታየውም እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም።

«ጋሼ፣ ይሄ የአስፋልት ነው። ጥርሱ ተጠጋግቷል፤ አፈሩ መሐሉ ገብቶ ይሞላዋል፣ ከዚያ ልሙጥ ይሆናል።»

«ሰፊ ነው እኮ ዶክተር። ሰፊ ጎማ መሬት ይቆነጥጣል።»

«ጥልቅ አሸዋ ቢሆን እሺ። እዚህ ግን ዱቄቱ ከላይ ነው፤ ጠንካራው መሬት ከሥሩ አለ። ሰፊው ዱቄቱ ላይ ይንሳፈፋል። ቀጭኑ ቀዶ ይገባና ጠንካራውን ያገኛል። ቀጭን፣ ረዘም ያለ፣ ጥርሱ ፍንጭት የሆነ፣ ሲጫኑት እንደ ድድ የሚለሰልስ ይግዙ።» ቀና አለችና፣ «የራስዎን ጥርስስ መቼ ነው የምነቅለው?» አለችው።

«በቅርቡ» አለ ፍሬቻ።

እንደ ነገረችው ገዛ። ጎማዎቹ ቀጫጭን፣ ጥርሶቻቸው የተራራቁ፣ ውስጣቸው ስፖንጅ ያለ፣ ከቸርኬያቸው ጋር የተጣበቁ ናቸው። በደስታ ይዟቸው ወደ ታኮ ሱቅ ሄደ።

ታኮ ሃያ ዓመት ሙሉ ረዳቱ የነበረ ሰው ነው። ዳገት ላይ መኪናው ሲቆም እንደ ጥንቸል ዘሎ ወርዶ፣ ከኋላ ጎማው ሥር የእንጨት ታኮ መወሸቅ ሥራው ስለነበር ስሙም ታኮ ሆኖ ቀረ። አሁን የራሱ ጎሚስታ ቤት አለው። ፍሬቻ ጠዋት ጠዋት እዚያ ሄዶ የተገለበጠ ቸርኬ ላይ ተቀምጦ የሰው መኪና ሲያማ ይውላል።

ታኮ ከትንንሾቹ ጎማዎች አንዱን ተቀብሎ ብርሃን ላይ አገላበጠው። ፊቱ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ ጉድ ሆነዋል!»

«ምነው?»

«ብስ ጎማ ነው የሸጡልዎት።»

«ምን ትላለህ?»

«ይኸው ይዩት! እዚህ ጋ ቀዳዳ፣ በዚህ ዞሮ ደግሞ ሌላ ቀዳዳ።» ሁለተኛውን አነሳ። «ይሄም! አራቱም ጋሼ! አንዱ ብቻ ቢሆን ሚስማር ነው እንል ነበር።»

ፍሬቻ መነጽሩን አድርጎ አየ። እውነት ነው፤ በየጎማው ላይ የመርፌ ዐይን የምታህል ቀዳዳ አለች። ዕድሜውን ሙሉ ቀዳዳ ጎማ ማለት ዝናብ ማለት፣ ጨለማ ማለት፣ ክሪክ ማለት ሆኖበት የኖረ ሰው ነው። ደሙ ፈላ።

«ልመልሰው? ሐኪሟ ራሷ የመረጠችው ነው እኮ።»

«ተዉ! ምን በወጣቸው ያፍራሉ? እሳቸው ቅን ሰው ናቸው፤ ያታለላቸው ነጋዴው ነው። እኛ ዝም ብለን እንሠራዋለን። ታኮ ምን ሆኖ ነው?»

ተስማሙ። ታኮ ሱቁ ደጃፍ ተራ የሚጠብቅ ታክሲ አስቁሞ ወደ ትንንሾቹ ጎማዎች ዞረ። ከአሮጌ ላስቲክ ምስር የሚያካክሉ ክቦች በመቀስ ቆረጠ፤ የቀዳዳውን ዙሪያ በብርጭቆ ወረቀት ፋቀ፤ ማስቲሽ ቀባ፤ እፍ አለበት፤ ለጠፈ፤ በአውራ ጣቱ ተጭኖ እንደ ጸሎት ዐይኑን ጨፍኖ ቆየ። የቸርኬውንም ዙሪያ ለጥንቃቄ ብሎ ደገመው። ከዚያ አንድ በአንድ ውሃ ገንዳ ውስጥ ነከራቸው። ሁለቱም አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አረፋ ጠበቁ። አንዲት አረፋ አልወጣችም።

«ድፍን!» አለ ታኮ።

ፍሬቻ አንዱን ወለሉ ላይ ጣለው፤ ጎማው ነጥሮ እጁ ላይ ተመለሰ። «አሁን ገና ጎማ ሆነ» አለ። ባለ ታክሲው ደጅ ሆኖ «የኔስ? የኔ ጎማ ስላደገ ነው የማይሠራው?» እያለ ይጮኻል።

የማጣሪያው ቀን ፀሐይ ነበር። ፍሬቻ ሲወጣ ሚስቱን «አትመጪም?» አላት። «ያላለቀ ካፖርት አለብኝ» አለችው። እሱም አልለመናትም፤ ሲቸኩል መነጽሩን ስፌት መኪናዋ ላይ ረስቶ ሄደ።

ደንቡ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሙከራ ይሰጣል። ሐኪሟ ዳኛ ስለሆነች ከላይ አናቱ ላይ ተቀምጣለች፤ በዚያ ቀን ማንንም መምከር አትችልም። መጀመሪያ የወጣው ከማኅበሩ አባላት አንዱ የሆነ ፀጉር አስተካካይ ነው። መኪናው ልክ እንደ መቀሱ ረጋ ብላ፣ ኮረብታውን እያበጠረች ወጣችና አለፈ። ካለፈ በኋላ ወደ ታች ወርዶ ሌሎችን ማሽሟጠጥ ጀመረ።

የፍሬቻ ተራ ደረሰ። በቀስታ ነዳጅ ሰጣት። መኪናይቱ የመጀመሪያዎቹን ባንዲራዎች አለፈች። ዳገቱ ሲብስ ግን ጠጠር በነካች ቁጥር ትነጥር ጀመር። የፊቷ ጎማ ይነሣል፣ ይወርዳል፤ የኋላው ዱቄቱ ላይ ይንሸራተታል፤ አንዱም ጥርስ መሬት አይዝም።

«ጋሼ ፍሬቻ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «መኪናዎ ሠርግ ላይ ናት እንዴ? እስክስታውን ይቀንሱላት!»

ሰው ሣቀ። ፍሬቻ ትንሽ ነዳጅ ጨመረ። መኪናይቱ አንድ ድንጋይ ላይ ነጥራ ወደ ጎን ወደቀች፤ ከዚያ እየተንከባለለች፣ ጎማዎቿ ሰማይ ላይ እየዞሩ፣ እታች ደረሰች። አሁን እሱ ራሱ ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። መኪናይቱን አንሥቶ አንድ የተሰበረ ጡብ ላይ ተቀመጠ።

«መነጽርህን ትተህ ነው የምትነዳው?»

ሚስቱ ናት። መነጽሩን ይዛ ከበላዩ ቆማለች። መኪናይቱ ስትንከባለል አይታለች፤ ከፊቷ ያስታውቃል።

«ጨረስክ?»

«አንድ ሙከራ ይቀረኛል» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ግን መሬት አልይዝልሽ አለች። ይኸውልሽ... የአሁኑም አልሆነም መሰለኝ። አንቺ እውነትሽን ነው። ከእንግዲህ ስለዚያ መንገድ አላወራሽም።»

ባሏ ብዙ ነገር ሲያበራ አይታለች፤ ሲያጠፋ ግን አይታ አታውቅም። ከሁሉ የከፋት ይሄ ሆነ። ከጎኑ ቁጢጥ አለችና መኪናይቱን ከእጁ ወሰደች። ጎማዋን በሁለት ጣቶቿ ተጫነችው። ጨርቅ ሲሰጧት እንደምትዳስሰው ነው። ከዚያ ተነሥታ የፀጉር አስተካካዩን መኪና አነሳች።

«እማማ፣ እሷን ለቀቅ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«አልበላትም» አለችና የሱንም ጎማ ተጫነች። ጎማው በጣቷ ሥር ፍስስ አለ፤ ስትለቀው ቀስ ብሎ ተመለሰ።

«የሱ ትራስ ነው፣ ያንተ ኳስ ነው» አለች ባሏን። «ታፍኗል። ትራስ ስሰፋ እኮ አየር የሚወጣበት ጨርቅ ነው የምመርጠው። ላስቲክ ባለብሰው ራስ ያነጥራል እንጂ አያስቀምጥም። ያቺን ለመንገዱ የሰፋኋትን ትራስ እንኳ ሁለት ጊዜ ነው ጨርቋን የቀየርኩት...»

ፍሬቻ ቀና አለ። «ለየትኛው መንገድ?»

ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ጡብ ፋብሪካው አዞረች። «ለየትኛውም።»

«ለየትኛው መንገድ ነው ትራስ የሰፋሽው?»

«ለጉልበትህ ነዋ! ሚኒባስ ውስጥ ያን ያህል ሰዓት አጥፈኸው ልትቀመጥ ነው? ምን ያስፈጥጥሃል?»

ለካ ፍሬቻ አላመነችኝም ብሎ ሲብሰለሰል የከረመው በከንቱ ነው፤ እሷ ከተናገረው ቀን ጀምሮ ስትሰፋ ከርማለች። ይህን እያሰበ ሳለ፣ ማጣሪያውን ሊያይ የመጣው ታኮ ከሰው መሐል ጮኸ።

«ጋሼ! ቀዳዳዎቹ!»

ሁለቱ ተያዩ። የፀጉር አስተካካዩን ጎማ ገልብጠው አዩ፤ ቀዳዳ አለ። የሌላውንም አዩ፤ አለ። ለካ ቀዳዳዋ የጎማው አፍንጫ ናት። ጎማው ድንጋይ ሲያገኝ አየሩን ተንፍሶ ይተኛበታል፣ ያቅፈዋል፤ ሲያልፍ መልሶ ይስባል። እነሱ ግን የሁለቱ ሲደመር ሃምሳ ዓመት በጠገበ ሙያቸው አፍንጫውን ደፍነውለት፣ ውሃ ውስጥ ነክረው «ድፍን!» ብለው ተደስተዋል።

«በማስቲሽ ነው የለጠፍኩት» አለ ታኮ፣ በእጁ ራሱን ይዞ። «እንኳን በእጅ በፒንሳም አይነሣ። እኔ የለጠፍኩት ነገር መቼ ተነሥቶ ያውቃል?»

«ዘንድሮ በሙያህ ገደልከን» አለ ፍሬቻ፤ አሁን ግን እየሣቀ ነው።

ሚስቱ ከሹራቧ ኮሌታ ላይ የካፖርቱን ወፍራም መርፌ ነቀለች። «ዞር በሉ፣ ሁለት ሙያተኞች» አለችና መኪናይቱን ጭኗ ላይ አስተኛቻት። ምስር በምታህለው ልጥፍ መሐል መርፌውን ሰድዳ አዞረችው፤ ሲወጣ ጎማው «ፍስስ» ብሎ ተነፈሰ። ታኮ ፊቱን አዞረ። ሰው ጎማ ሲበሳ ማየት ለሱ ከባድ ነው። አራቱም ተበሱ።

«ፍሬቻ! ሁለተኛ ሙከራ!» አለች ሐኪሟ ከላይ።

መነጽሩን አደረገ። መኪናይቱን መነሻው ላይ አቆማትና በጣም ትንሽ፣ ትልቁ መኪና በጭቃ ዳገት ላይ በመጀመሪያ ማርሽ የሚጠይቀውን ያህል፣ ነዳጅ ሰጣት። ጎማ ሲደናገጥ የራሱን ጉድጓድ እንደሚቆፍር ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ቀጫጭኖቹ ጎማዎች ዱቄቱን ቀደው ገቡ። የተራራቁት ጥርሶች አፈሩን ነክሰው ይተፉታል፣ እንደገና ይነክሳሉ። ቅድም የጣላት ድንጋይ ጋ ስትደርስ የፊቷ ጎማ እሹሩሩ እንዳሉት ሕፃን ድንጋዩ ላይ ተጋደመና አቅፎት አለፈ። አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ወደ ኋላ ትንሽ ሸርተት አለች።

ታኮ ከልማዱ የተነሣ ዘሎ ሊወጣ ሲል ሚስትየው በሹራቡ ጫፍ ያዘችው። «አንተ! እጅ አይነካትም ተብሏል!»

«ታኮ ላደርግላት ነው እትዬ!»

«ቁም እዚህ!»

ፍሬቻ አልሰማቸውም። መሪዋን ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ አወዛወዘው፤ ጥርሶቹ አዲስ አፈር አገኙ፤ መኪናይቱ ጎትታ ወጣች። የመጨረሻዎቹን ባንዲራዎች አልፋ የሐኪሟ ጫማ ጫፍ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«አልፏል!» አለች ሐኪሟ። «ጥርስዎም ሰኞ ይነቀላል። ከዚያ በፊት ሚኒባሱ ላይ አላሳፍርዎትም።»

ተነቀለ። በጉዞው ጠዋት ፍሬቻ ጉንጩ እንዳበጠ ሚኒባሱ ጋ ቀድሞ ደረሰ፤ ሾፌሩን አናግሮ ጋቢናውን አስያዘ። ሚስቱ ትራሷን ታቅፋ ወጣች። ፀጉር አስተካካዩ የሚያመጣው ሰው ስላልነበረው ታኮን ያዘ፤ «ጎማዬን በዓይንህም እንዳትነካት» ብሎ አስጠንቅቆ ነው። ታኮ ሚኒባሱ ከመንቀሳቀሱ በፊት ወርዶ አራቱንም ትልልቅ ጎማዎች በቡጢ መትቶ ሲያዳምጥ፣ የሾፌሩ ዐይን እየተከተለው ነበር።

ከተማው አለቀ፤ ቀዮቹ ተራሮች ተጀመሩ። ፍሬቻ በሾፌሩና በሚስቱ መካከል ተጨናንቆ፣ ጉልበቱ ትራሱ ላይ፣ እያንዳንዱን ነገር ሊያሳያት ቸኮለ። «ይሄውልሽ ውሃ የምንቀዳበት... ይሄ ደግሞ አንድ ጊዜ...»

«ዝም በል» አለችው። «በዐይኔ ልየው።»

ሠላሳ ዓመት ስለ መንገዱ ሲያወራ የኖረ ሰው ዝም አለ። ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ይመጣል። ሴትዮዋ ግንባሯን መስተዋቱ ላይ ለጥፋ ቁልቁል ወንዙን ትፈልጋለች።

«ክር አይመስልም» አለች። «ጥብጣብ ነው የሚመስለው።»

«ዝናብ ስለነበረ ነው...»

«ዝም በል አልኩህ።»

«አንገት አዙር» ጥምዝ ከፊታቸው ብቅ አለ። ሾፌሩ እጁን ዘረጋና ፍሬቻውን አበራ፤ ከመሪው ሥር ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር። ሴትዮዋ ከመስኮቱ ዞራ ድምፁን አዳመጠች፤ ባሏን አየችው፤ እሱም ያበጠ ጉንጩን ይዞ አያት።

ሚኒባሱ ታጠፈ።

«ይኸው እንግዲህ» አለችና፣ ከጉልበቱ ሥር የተንሸራተተውን ትራስ አስተካክላ መልሳ ወደ መስኮቷ ዞረች።